ዲመር ምንድን ነው? በአንድ መስመር ላይ ላሉ በርካታ የኤልኢዲ መብራቶችስ እንዴት ይመረጣል?

ዲመር በማብሪያ ማጥፊያው ቦታ ተገጥሞ የመብራትን ድምቀት እንደ ፍላጎት ከፍና ዝቅ የሚያደርግ መቆጣጠሪያ ነው። ጅማ ውስጥ በሚሠሩ አዳዲስ ቤቶች የሳሎኑ ጂፕሰም ኮርኒስ ላይ 8 ወይም 10 ትንንሽ የኤልኢዲ ስፖቶች በአንድ መስመር ይደረደራሉ፤ ካፌዎችና ሬስቶራንቶችም ለምሽት ለስለስ ያለ ብርሃን ይፈልጋሉ። ዲመሩ ግን ብዙውን ጊዜ ከሁሉም በኋላ፣ መልኩና ዋጋው ብቻ ታይቶ ይገዛል። ከዚያም መብራቱ ሲርገበገብ፣ ከግድግዳው ውስጥ የንዝረት ድምፅ ሲሰማ ወይም ገሚሱ አምፖል በርቶ ገሚሱ ሲጠፋ ጥፋቱ በአምፖሉ ይሳበባል። ዲመርና አምፖል አብረው መመረጥ አለባቸው፤ መታየት ያለበትም አንዱ አምፖል ብቻ ሳይሆን በመስመሩ ላይ ያሉት ሁሉ በአንድነት ነው።

የአገራችን ኤሌክትሪክ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ (በሴኮንድ 50 ሙሉ ሞገድ) ስለሆነ በእያንዳንዱ ሴኮንድ 100 ግማሽ ሞገዶች አሉ። ዲመር ከእያንዳንዱ ግማሽ ሞገድ ከፊሉን ቆርጦ በማስቀረት ወደ መብራቱ የሚደርሰውን ኃይል ይቀንሳል። የቀድሞው ባለ ክር አምፖል የጋለው ክር ቶሎ ስለማይቀዘቅዝ መቆራረጡ ለዓይን አይታወቅም ነበር። የኤልኢዲ አምፖል ግን ተለዋዋጩን ኃይል ወደ ቀጥተኛ የሚለውጥ ድራይቨር በውስጡ አለው፤ ድራይቨሩ የተቆረጠ ሞገድ ተቀብሎ ብርሃኑን እንዲቀንስ ሆኖ ካልተሠራ የትኛውም ዲመር አያስተካክለውም። በመሆኑም በካርቶኑ ላይ «ዲመብል» (በዲመር የሚሠራ) ተብሎ ያልተጻፈበትን አምፖል በዲመር መስመር ላይ ማስገባት አይገባም፤ አንዱ እንኳ ቢቀላቀል የመላውን መስመር ሥራ ሊያውክ ይችላል።

ዲመሮች ሁለት ዋና ዋና ዓይነቶች አሏቸው። የግማሽ ሞገዱን መጀመሪያ የሚቆርጠው የቆየው ዓይነት ለባለ ክር አምፖልና ለሃሎጅን የተሠራ ሲሆን ኃይሉን በድንገት ስለሚለቅ በእያንዳንዱ ድራይቨር ውስጥ ያለው ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ክፍል) በቅጽበት ብዙ ከረንት ይስባል፤ የንዝረቱ ድምፅም በአብዛኛው ከዚህ የሚመጣ ነው። የግማሽ ሞገዱን መጨረሻ የሚቆርጠው ዓይነት ኃይሉን ከዜሮ ጀምሮ ቀስ በቀስ ስለሚሰጥ ለአብዛኞቹ የኤልኢዲ አምፖሎች ይስማማል። ዋጋው ከፍ ቢልም በአንድ መስመር ላይ ብዙ አምፖል ላለው ሰው እኔ የምመርጠው ይህኛውን ነው።

ብዙዎች የሚሳሳቱት በዋቱ ስሌት ላይ ነው። በዲመሩ ጀርባ «40–400 ዋት» የሚል ጽሑፍ ካለና ሳሎኑ ባለ 7 ዋት 10 ስፖቶች ካሉት ድምሩ 70 ዋት ስለሚሆን በቁጥር ደረጃ የሚስማማ ይመስላል። ይሁን እንጂ 400 የተባለው ለባለ ክር አምፖል ነው። ለኤልኢዲ የተለየ ቁጥር ካልተጻፈ ጠንቃቃ ኤሌክትሪሻን ከዚያ አንድ አሥረኛውን፣ ማለትም 40 ዋት ያህሉን ብቻ ይወስዳል፤ ምክንያቱም 10 ድራይቨሮች በአንድ ቅጽበት የሚስቡት ከረንት ከዋታቸው ድምር ከሚጠበቀው እጅግ ይበልጣል። በአንጻሩ መኝታ ቤት ውስጥ ባለ 5 ዋት 4 አምፖሎች ብቻ ካሉ ድምሩ 20 ዋት በመሆኑ ከዝቅተኛው 40 በታች ይወድቃል፤ ያን ጊዜ ደግሞ መብራቱ ይርገበገባል ወይም ጨርሶ አይጠፋም። የሚፈለገው ለኤልኢዲ ራሱን የቻለ ዝቅተኛና ከፍተኛ ልክ የተጻፈበት ዲመር ነው፤ ለምሳሌ «ኤልኢዲ 5–100 ዋት» የሚል ቢሆን 70 ዋቱን ችሎ ትርፍም ይኖረዋል። አንዳንድ አምራቾች ከዋቱ ሌላ የአምፖሎቹን ብዛትም ስለሚወስኑ እሱንም ማንበብ ያስፈልጋል።

የዝቅተኛው ልክ ምክንያት በቤቶቻችን የሽቦ አዘረጋግ ላይ ይታያል። የማብሪያ ማጥፊያው ሳጥን ቢከፈት አብዛኛውን ጊዜ የሚገኙት ፌዙ (ኃይል የሚያመጣው ሽቦ) እና ወደ መብራቱ የሚሄደው ሽቦ ብቻ ናቸው፤ ኒውትራሉ (የመመለሻው ሽቦ) በኮርኒሱ በኩል ያልፋል። ዲመሩ ለራሱ የሚያስፈልገውን ጥቂት ኃይል የሚያገኘው በአምፖሎቹ በኩል በመሆኑ የአምፖሎቹ ጠቅላላ ዋት ትንሽ ከሆነ አሠራሩ ይናጋል። ቤቱ ገና በመሠራት ላይ ከሆነ ኒውትራል እስከ ሳጥኑ እንዲወርድ ማዘዝና ባለ ኒውትራል ዲመር መግጠም ከሁሉ የተሻለ መፍትሔ ነው።

በአንድ መስመር ላይ ያሉት አምፖሎች የአንድ አምራችና የአንድ ሞዴል መሆን አለባቸው፤ ድራይቨሮቻቸው ከተለያዩ ብርሃኑ ሲቀነስ አንዱ ቀድሞ ይጠፋል፣ ሌላው ደምቆ ይቀራል። መለዋወጫ የሚሆኑ ሁለት ሦስት አምፖሎችን አብሮ መግዛትም ኋላ ከመፈለግ ያድናል። ጥሩ ዲመር በሽፋኑ ሥር ትንሽ ማስተካከያ ብሎን ወይም ቁልፍ አለው፤ በእሱ የመጨረሻው ዝቅተኛ ድምቀት ሁሉም አምፖል ሳይርገበገብ ከሚበራበት ነጥብ ላይ ይወሰናል።

በሱቅ መደርደሪያ ላይ ተመሳሳይ ማዞሪያ ያለው የፋን መቆጣጠሪያ ዲመር መስሎ ሊሸጥ ስለሚችል ጽሑፉን ማየት ይገባል። ኃይል ሲቋረጥ በጄኔሬተር ወይም በርካሽ ኢንቨርተር የሚሠራ ካፌም የሞገዱ ቅርጽ ወይም ፍጥነት ስለሚዛባ ዲመሩ ሊያስቸግረው ይችላል፤ እንዲህ ላለው ቤት የመብራቱን መስመር ለሁለት ከፍሎ አንዱን ያለ ዲመር መተው ይሻላል።

ዲመር ሲሠራ ስለሚሞቅ ሁለትና ሦስቱ በአንድ ሳጥን ጎን ለጎን ሲገጠሙ የእያንዳንዱ አቅም ይቀንሳል። ገጠማው ለኤሌክትሪሻን የሚተው ሥራ ነው፤ እሱም ቢሆን መብራት ጠፍቷል ብሎ ሽቦ መንካት የለበትም፤ በማናቸውም ደቂቃ ሊመለስ ስለሚችል ብሬከሩ መውረድና ሽቦው በቴስተር መፈተሽ አለበት።