የሙከራ ጊዜ ምንድን ነው?

የአክስቴ ልጅ ባለፈው ጥቅምት አንድ የንግድ ድርጅት ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ሆና ተቀጠረች። የቅጥር ደብዳቤዋ ላይ «የሙከራ ጊዜ ሦስት ወር» ይላል። የገና በዓል ሊደርስ አምስት ቀን ሲቀረው «የሙከራ ጊዜዎን አላለፉም» የሚል ወረቀት ሰጧት። የበዓል ዶሮ ዋጋ እያነጋገረን የነበረ ቤት ጭጭ አለ።

የሙከራ ጊዜ በሕግ የተፈቀደ ነገር ነው። አሠሪው ሠራተኛውን በሥራ ላይ አይቶ፣ ለተቀጠረበት ቦታ ይሆናል ወይስ አይሆንም የሚለውን የሚለይበት ጊዜ ነው። ካልሆነ ያለ ማስጠንቀቂያ፣ ያለ ስንብት ክፍያና ያለ ካሳ ሊያሰናብተው ይችላል። ሠራተኛውም ሥራው ካልተስማማው ሳያስጠነቅቅ መልቀቅ ይችላል። ይኼኛውን ግን ማንም አይነግራችሁም።

ጣጣው ያለው ቆጠራው ላይ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 11 የሙከራ ጊዜው ሥራ ከተጀመረበት ቀን አንስቶ ከ60 የሥራ ቀናት ሊበልጥ አይችልም ይላል። የሥራ ቀናት ነው የሚለው። የቀድሞው አዋጅ 377/1996 ደግሞ 45 ተከታታይ ቀናት ነበር የሚለው፤ እሁዱም በዓሉም አብሮ ይቆጠር ነበር። አሁን እሁድ አይገባም። በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ ሰው 60 የሥራ ቀን አሥር ሳምንት ገደማ ነው። ሦስት ወር አይሞላም።

የግድግዳውን ካላንደር አውርደን በእስኪሪብቶ እያከበብን ቆጠርን። ሥራ የጀመረችው ሰኞ ጥቅምት 3 ነው። 60ኛው ቀን ታኅሣሥ 11 ላይ አለቀ። ወረቀቱ የተጻፈው ታኅሣሥ 24፣ በ71ኛው የሥራ ቀኗ። ደብዳቤው ላይ ሦስት ወር ብላ ፈርማለች፤ ግን አዋጁ ካስቀመጠው ጣሪያ በላይ መፈረም ጣሪያውን ከፍ አያደርገውም። ስለዚህ ያን ቀን እሷ ሙከራ ላይ አልነበረችም። የሙከራ ጊዜውን ጨርሶ አንድ ዓመት ያልሞላውን ሠራተኛ ደግሞ በችሎታ ማነስ ለማሰናበት እንኳ የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል።

ሌላው ነገር ጽሑፍ ነው። የሙከራ ስምምነት በጽሑፍ መሆን አለበት። አለቃው በቃል «ለጊዜው ሙከራ ላይ ነሽ» ቢል ዋጋ የለውም። እዚያው ድርጅት፣ እዚያው ሥራ ላይ ዳግም የተቀጠረ ሰውም እንደገና ለሙከራ አይቀመጥም። አንዳንዱ አሠሪ ሰውን እያሰናበተ መልሶ «አዲስ» አድርጎ ሲቀጥር ስለሰማሁ ነው ይህን የምለው።

ብዙ ሰው ሙከራ ላይ እያለ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚሠራው። ትርፍ ሰዓት አይጠይቅም፣ አቤት አይልም። አዋጁ ግን በሕግ፣ በሥራ ደንብ ወይም በኅብረት ስምምነት በሌላ ሁኔታ ካልተወሰነ በቀር፣ ሙከራ ላይ ያለው ሠራተኛ ሙከራውን ከጨረሰው ጋር እኩል መብትና ግዴታ አለው ይላል። በቀን የተሠራ ትርፍ ሰዓት በአንድ ተኩል ይባዛል፤ ለእሱም ጭምር። እርግዝና፣ ሃይማኖት፣ ወይም በአሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረብ ደግሞ ለማንም ሠራተኛ የመሰናበቻ ምክንያት አይሆንም።

ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ ውሉ ከተቋረጠ በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ፣ ማለትም ጊዜው በማለፉ፣ ይታገዳል። የአክስቴ ልጅ የጥምቀት ማግስት ካላንደሩን ጠቅልላ፣ ደብዳቤዎቿን በፌስታል ይዛ ጠበቃ ዘንድ ሄደች። ጠበቃው መጀመሪያ የጠየቃት «ሥራ የጀመርሽው ስንት ቀን ነው?» ብሎ ነው።