የትምህርት ቤት ደኅንነት ግምገማ ምንድን ነው?

የትምህርት ቤት ደኅንነት ግምገማ ማለት ተማሪዎች ከቤታቸው ወጥተው እስኪመለሱ ድረስ ሊደርስባቸው የሚችለውን አደጋና ጥቃት በየቦታውና በየሰዓቱ ፈልጎ ማግኘት፣ ክብደቱን መመዘን፣ ከዚያም ማን፣ መቼ፣ በየትኛው በጀት እንደሚያስተካክለው መወሰን ነው። በአገራችን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ይህ ሥራ በትምህርት ቤት መሻሻል ፕሮግራም ውስጥ «ምቹ የመማሪያ አካባቢ» በሚለው ርዕስ ሥር የሚካተት ሲሆን፣ ትምህርት ቤቱ ግለ ግምገማ ሲያካሂድ አብሮ ይታያል።

ችግሩ ግለ ግምገማው ብዙ ጊዜ በርዕሰ መምህሩ ቢሮ ተጀምሮ እዚያው ማለቁ ነው። ቅጹ ላይ «የሴቶች መጸዳጃ ቤት አለ» ተብሎ ምልክት ይደረግበታል፤ በሩ ከውስጥ መቀርቀሪያ ከሌለው ግን ልጆቹ ሁለት ሁለት ሆነው ይሄዳሉ፣ አንዷ ስትገባ ሌላዋ በሩን ከውጭ ይዛ ትቆማለች፣ ጓደኛ ያላገኘችው ደግሞ ውኃ ሳትጠጣ ትውላለች። ይህን ቅጹ አይናገርም፤ የሚያውቁት ተማሪዎቹ ናቸው። ስለዚህ ከሁሉ የሚሻለው መንገድ ሴቶችና ወንዶች ለየብቻ ሆነው የግቢውን ካርታ እንዲሥሉና የሚፈሩትን ቦታ እንዲያመለክቱ ማድረግ ነው።

ክብደቱ የሚመዘነው አደጋው የመድረስ ዕድሉ ምን ያህል እንደሆነና ቢደርስ የሚያስከትለው ጉዳት ምን እንደሚሆን አንድ ላይ በማየት ነው። መስኮቶቹ በብረት የታጠሩ፣ በሩ ወደ ውስጥ የሚከፈት ክፍል ዓመቱን ሙሉ ምንም ላይሆን ይችላል፤ ነገር ግን እሳት ቢነሣ ለመውጣት የሚጋፉት ልጆች በሩን በገዛ ክብደታቸው ይዘጉታል። በሩን ወደ ውጭ እንዲከፈት አድርጎ መግጠም ቀላል የእጅ ሥራ ስለሆነ በቅድሚያ ሊሠራ ይገባዋል።

ግምገማው ግድግዳና አጥር ቆጥሮ ቢያበቃ ጎደሎ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ልጁ የሚፈራው መምህሩን ሲሆን መምህሩ ፊት ተጠይቆ እውነቱን ሊናገር አይችልምና፣ ስም ሳይጽፍ ሐሳቡን የሚያስገባበት ሳጥን፣ ሳጥኑንም የሚከፍት የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ተወካይ ያስፈልጋል።

ጥገናው ካለቀ በኋላ እነዚያው ተማሪዎች ካርታውን እንደገና ይሥላሉ፤ ሁለቱ ካርታዎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ምልክቱ ያልጠፋበት ቦታ ለቀጣዩ ዓመት ዕቅድ የመጀመሪያው ሥራ ይሆናል።