ውሻ ካልፈራህ አይታዘዝህም? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ስለ ውሻ ሥልጠና ሲወራ ትእዛዝና ቅጣት ይቀድማል። ውሻው ምን ተሰምቶት ነው እንዲህ የሚሆነው ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ደጋግሜ የምሰማቸውን አባባሎች አንድ በአንድ ልመልስ።

«አለቃው ካልሆንክ አለቃህ ይሆናል»

የዚህ ሐሳብ መነሻ ተኩላ ነው። የእንስሳት ባሕርይ ተመራማሪው ሩዶልፍ ሼንክል በ1947 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ ስዊዘርላንድ ባለው የባዝል መካነ አራዊት ውስጥ ታጉረው የነበሩ ተኩላዎች ለበላይነት እንደሚፋለሙ ጻፈ። ሐሳቡን በመጽሐፉ ካሰራጩት አንዱ አሜሪካዊው የተኩላ ተመራማሪ ዴቪድ ሜች ነው። ራሱ ሜች ግን በ1999 እ.ኤ.አ. የዱር ተኩላ መንጋ በአብዛኛው እናት፣ አባትና ልጆቻቸው ያሉበት ቤተሰብ መሆኑን ጽፎ አረመው። ሶፋ ላይ የወጣ ውሻ ሥልጣን ፈልጎ አይደለም። ሶፋው ስለሚመቸው ነው።

«ካጉረመረመ ወዲያው ቅጣው፣ አለዚያ ይለምድበታል»

ከሁሉም አደገኛው ይሄ ይመስለኛል። እየበላ ያለ ውሻ ጋ ሰው ሲጠጋ ልብ ብላችሁ እዩ። መጀመሪያ ማላመጡን ያቆማል። ሰውነቱ ድርቅ ይላል። አንገቱን ሳህኑ ላይ ደፍቶ በዓይኑ ጥግ ያያል፤ የዓይኑ ነጭ ይታያል። ከዚያ በኋላ ነው የሚያጉረመርመው። ይህ ሁሉ «እባክህ ራቅ በልልኝ» ማለቱ ነው። በቅጣት ድምፁን ልታጠፉት ትችላላችሁ፤ ፍርሃቱ ግን እዚያው አለ። በሌላ ቀን ሳያስጠነቅቅ ይነክሳል። ከዚያ «ያለ ምንም ምክንያት ነከሰ» ይባላል።

የሚሻለው ስሜቱን መቀየር ነው። ውሻው ከማይጨነቅበት ርቀት ቁራጭ ሥጋ ወርውሩለትና ሂዱ። በየቀኑ ደጋግሙት። ውሎ አድሮ ሰው ሲመጣ የሚነጠቅ ሳይሆን የሚጨመርለት ይመስለዋል። ያኔ ርቀቱን ቀስ በቀስ ቀንሱ። ይህን የሚያደርገው አዋቂ ነው፤ ልጅ በፍጹም አይሞክረው። ነክሶ የሚያውቅ ውሻ ከሆነ ደግሞ የእንስሳት ሐኪምና የባሕርይ ባለሙያ ይየው።

«ሲፈራ ካባበልከው ይብስበታል»

ፍርሃት ስሜት ነው፤ አጠገቡ ስለተቀመጣችሁ አይባባስም። ነጎድጓድ ያስደነገጠው ውሻ ሊጠጋችሁ ከፈለገ አቅፉት። አልጋ ሥር መደበቅ ከፈለገም ተዉት። የሚያባብሰው ከተደበቀበት ጎትቶ ማውጣት ነው።

«ጥፋቱን ያውቃል፣ ፊቱ ላይ ይታያል»

የውሻ ባሕርይ ተመራማሪዋ አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት ይህን ፈትሻ ነበር። ውሾቹ ያንን «የጥፋተኛ ፊት» የሚያሳዩት ባለቤታቸው ሲቆጣ ነው፤ የተከለከለውን ምግብ በሉም አልበሉም ለውጥ የለውም። እንዲያውም ሳያጠፉ የተቆጧቸው ውሾች ላይ ይበልጥ ታይቷል። ስለዚህ ጆሮውን አጥፎ፣ ጭራውን ቆልፎ ሲያቀረቅር፣ የምታዩት ቁጣችሁን መፍራቱን ነው።

«በምግብ ማሠልጠን ጉቦ ነው»

ጉቦ አስቀድሞ የሚታይ ነው። ሽልማት ግን ከሥራው በኋላ ይመጣል።

«ያለ ቅጣት ማሠልጠን ልቅ መልቀቅ ነው»

በፍጹም። ወሰን አለ፤ ወሰኑን የምታስከብሩት ግን ሳታስፈራሩ ነው። ጫማ የሚያኝክ ከሆነ ጫማውን ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ የሚያኝከው የራሱ ነገር ስጡት። ሰው ላይ የሚዘል ከሆነ ጀርባችሁን አዙሩ። አራቱም እግሮቹ መሬት ሲነኩ ወዲያው ዞር ብላችሁ አሻሹት። ሁሉም የቤቱ ሰው እንደዚያው ያድርግ፤ አንዱ ሲዘልበት እየሳቀ ካቀፈው ግን ውሻው ግራ ይገባዋል።