የጨረቃ ግርዶሽን ከከተማ ሕንፃዎች ጋር ፎቶ ማንሳት ምንድን ነው?

ምድር በፀሐይና በጨረቃ መካከል ገብታ ጥላዋን ጨረቃ ላይ ስትጥል የጨረቃ ግርዶሽ ይከሰታል፤ ጥላው ጨረቃን ሙሉ በሙሉ ሲሸፍናት ደግሞ በምድር ከባቢ አየር ውስጥ ታጥፎ የሚያልፈው የፀሐይ ብርሃን ቀይ መልክ ይሰጣታል። ይህንን ከከተማ ሕንፃዎች ጋር በአንድ ምስል ማስቀረት በዋናነት የብርሃንና የርቀት ስሌት ነው።

ያልተጋረደች ሙሉ ጨረቃ በአይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ባለው ስሜት) 100 እና በኤፍ (በሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) 8 የሰከንድ 1/250 ይበቃታል፤ በዚህ ልክ ግን ከተማው ጨለማ ሆኖ ይቀራል። ለከተማው ሲባል ሹተሩ (ብርሃን የሚያስገባው የካሜራ መዝጊያ) ለሰከንዶች ከተከፈተ ጨረቃ ዝርዝር የሌላት ነጭ ክብ ትሆናለች። ግርዶሹ ሙሉ ሲሆን ብርሃኗ አሥር ሺህ እጥፍና ከዚያም በላይ ሊቀንስ ስለሚችል፣ የመንገድና የመስኮት መብራት ከሚፈልገው መጠን ጋር ትቀራረባለች፤ ሁለቱን በአንድ ኤክስፖዠር (በአንድ የብርሃን ልክ በሚነሣ ምስል) ማስማማት የሚቻለውም ያኔ ነው። (አጠገቡ ደማቅ የማስታወቂያ ስክሪን ካለ ግን ማስማማቱ ይከብዳል።) ጨረቃ በሁለት ደቂቃ ገደማ የራሷን ስፋት ያህል ስለምትጓዝ፣ በረጅም (አቅርቦ በሚያሳይ) ሌንስ ሲነሣ ሹተሩን ከማስረዘም አይኤስኦውን መጨመር ይሻላል።

ለርቀቱ ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የታየውን ግርዶሽ እንውሰድ። በአዲስ አበባ አቆጣጠር ጨረቃ ከምሽቱ 2፡30 እስከ 3፡52 ሙሉ በሙሉ ተጋርዳ ነበር፤ ሲጀምር በምሥራቅ በኩል ከአድማስ 30 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ ነበር። ቁመቱ 209 ሜትር ገደማ በሆነው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ጫፍ ላይ እንድታርፍ የፈለገ ሰው፣ መሬቱ ሜዳ ነው ብንል፣ ከሕንፃው በስተምዕራብ 360 ሜትር ያህል ርቆ መቆም ነበረበት። ከዚያ ርቀት ሕንፃውን ከነጨረቃዋ ለማስገባት በቁም የተያዘ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያስፈልጋል፤ የጨረቃዋ ምስል ግን በሴንሰሩ (ምስሉን በሚቀበለው የካሜራ ክፍል) ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ጨረቃ በሰማይ እንዲህ ከፍ ብላ ሳለ ሕንፃን የሚያክል ቀይ ጨረቃ በፎቶ ከታየ ሁለት ምስል የተጣመረበት ነው ማለት ይቻላል፤ መጣመሩ እስከተገለጸ ድረስ ነውር የለበትም።

ግርዶሹ በከፊል በጀመረበት 1፡27 ጨረቃዋ 15 ዲግሪ ላይ ስለነበረች 780 ሜትር ያህል ርቆ ረዘም ያለ ሌንስ መጠቀም ይቻል ነበር፤ ችግሩ በዚያ ሰዓት ገና ነጭና ደማቅ መሆኗ ነው።