ንጉሥ በአዳራሹ ቀለበት ያድላል

ይህ የጥንት እንግሊዞች አባባል ነው። በ11ኛው ክፍለ ዘመን ብራና ላይ ከተጻፈ ግጥም የተወሰደ ሲሆን፣ ብራናው ዛሬ ለንደን ባለው የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል። ግጥሙ አጫጭር አባባሎችን ይደረድራል። ዘንዶ በመቃብር ጉብታ ውስጥ በሀብቱ ይኮራል፤ ዓሣ በውኃ ውስጥ ዘሩን ያፈራል፤ ንጉሥ በአዳራሹ ቀለበት ያድላል፤ ድብ በዱር ሜዳ ይኖራል፤ ወንዝ ከኮረብታ ይወርዳል።

ንጉሡ የት እንደገባ ልብ በሉ። በዓሣና በድብ መሀል ነው። ገጣሚው “ንጉሥ ቢሰጥ መልካም ነው” ብሎ አልመከረም። መስጠት የንጉሥ ተፈጥሮው ነው እያለ ነው። ሀብቱን ታቅፎ መቀመጥን ለዘንዶው ትቶለታል።

ቀለበት ሲባል የጣት ብቻ አይደለም። ክንድ ላይ የሚጠለቅ የወርቅ አምባርም፣ የአንገት ጌጥም ይጨምራል። ጌታ ለወታደሩ የሚሰጠው በጠጅ አዳራሽ፣ ሰው ሁሉ እያየ ነው። የተቀበለም ውለታ ገባ ማለት ነው፤ ውለታው የሚከፈለው ደግሞ በጦር ሜዳ ነው።

አባባሉን በደንብ የሚያሳየው 3,182 መስመር ያለው “ቤዎልፍ” የተባለው የጥንት እንግሊዝኛ ግጥም ነው። ጀግናው ቤዎልፍ ባሕር ተሻግሮ መጥቶ ግሬንደል የተባለውን ሰው በላ ፍጡር ለዴንማርኩ ንጉሥ ለህሮትጋር ይገድልለታል። ንጉሡም የወርቅ ዓርማ፣ የራስ ቁር፣ ጥሩርና ሰይፍ ሸለመው። ስምንት ፈረስም አስገባለት። አንዱ ፈረስ ላይ ንጉሡ ራሱ ለጦርነት የሚቀመጥበት ያጌጠ ኮርቻ ነበር። ግሬንደል ለገደለው የቤዎልፍ ጓደኛ ደግሞ በወርቅ ካሳ ከፈለ። ገጣሚው እውነት መናገር የሚወድ ሰው ይህን ስጦታ ሊነቅፍ አይችልም ይላል።

ቤዎልፍም ሀብቱን ይዞ አልተደበቀም። አገሩ ሲገባ አራት ፈረስ ለንጉሡ ለሂጌላክ፣ ሦስት ደግሞ ለንግሥቲቱ ሰጠ። ሂጌላክም በተራው የአባቱን ሰይፍ፣ ሰፊ መሬትና አዳራሽ ሰጠው። ስጦታው አንድ እጅ ላይ አያድርም።

እኔን ከሁሉ የሚነካኝ ግን ግጥሙ መጀመሪያ አካባቢ ያለች አንዲት መስመር ናት። ህሮትጋር አዳራሹን የሠራው አምላክ የሰጠውን ሁሉ ለወጣቱም ለሽማግሌውም ለማካፈል ነው ትላለች፤ የሕዝቡ መሬትና የሰው ሕይወት ሲቀር። በዚያ ዘመን እንዲህ ብሎ መወሰን ትልቅ ነገር ነው። ንጉሥ ለጋስ የሚባለው በራሱ ሀብት ነው፤ በሕዝቡ መሬት እየቸረ ስም ማግኘት አይችልም።

ቋጣሪውም ስም አለው፤ ሄሬሞድ ይባላል። ለዴንማርኮች ቀለበት የማይሰጥ ንጉሥ ነበር። በቁጣው አብረውት ማዕድ የሚቆርሱትን ገደለ፤ መጨረሻው ብቻውን መቅረት ሆነ። ህሮትጋር ታሪኩን ለቤዎልፍ ይነግረውና “ከዚህ ተማር” ይለዋል።

የተቀባዩ ፈተና የሚታየው ደግሞ በማልደን ጦርነት ላይ በተገጠመው ግጥም ነው። በ991 ቫይኪንጎች፣ ማለትም ከሰሜን አውሮፓ በባሕር የሚመጡ ወራሪዎች፣ ማልደን ያለበት የእንግሊዝ ግዛት ኤሴክስ ደረሱና “ሰላም ከፈለጋችሁ ቀለበት ላኩ” አሉ። የጦሩ አለቃ ቢርትኖት “የምንሰጣችሁ ጦር ነው” ብሎ መለሰ። በማስፈራሪያ የሚወጣ ወርቅ ግብር እንጂ ልግስና አይደለም። ቢርትኖት ሲገደል ግን ጎድሪክ የተባለ ሰው ሸሸ። የሸሸው በጌታው ፈረስ ላይ ነው፤ ያውም ብዙ ፈረስ ሸልሞት በነበረው ጌታ ፈረስ! ገጣሚው ይህችን ዝርዝር አላለፋትም። ወጪት ሰባሪ ማለት ይሄ ነው። ጉዳቱም በጎድሪክ ላይ አላቆመም። ኦፋ የተባለው ተዋጊ እንደተናገረው፣ ፈረሱን ያየ ብዙ ሰው የሸሸው ጌታው ራሱ መሰለው። በዚህ የተነሳ ጦሩ ተበታተነ፤ ተዋጊዎቹ ጋሻቸውን ገጥመው የሠሩት አጥርም ፈረሰ።