«እዚህ ቤት አደጋ ደርሶ አያውቅም»፦ ስለ ሥራ ላይ ደህንነት የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«የደህንነት ባህል» የሚለው አነጋገር በሰፊው የተለመደው ከ1986ቱ የቼርኖቤል የኑክሌር ጣቢያ አደጋ በኋላ ነው (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። አደጋውን የመረመረው የዓለም አቀፉ አቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ አማካሪ ቡድን የተጠቀመበት ቃል ነበር። ከዚያ ወዲህ ያልተለጠፈበት ግድግዳ የለም። ባህሉ ግን የሚታየው ሌላ ቦታ ነው፦ ሥራ ሲጣደፍ ፎርማኑ በሚለው ነገር፣ አንድ ሠራተኛ «ይሄ ነገር አላማረኝም» ባለ ጊዜ በሚሰጠው መልስ። ከዚህ በታች ያሉት አባባሎች በየሥራ ቦታው የሚሰሙ ናቸው፤ አብዛኞቹም የሚነገሩት በቅንነት ነው።

«ይህን ያህል ቀን ያለ አደጋ ሠርተናል፤ ደህና ነን ማለት ነው»

ኤፕሪል 20 ቀን 2010 ዲፕዎተር ሆራይዘን በተባለው የባሕር ላይ የነዳጅ መቆፈሪያ የኩባንያዎቹ ኃላፊዎች ለጉብኝት ተገኝተው ነበር። ከመጡበት ጉዳይ አንዱ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ ከሥራ የሚያስቀር ጉዳት ባለመድረሱ ሠራተኞቹን ማመስገን ነበር። በዚያው ምሽት ከጉድጓዱ ያመለጠው ጋዝ ፈንድቶ 11 ሰው ሞተ። ቁጥሩ ውሸት አልነበረም። የሚቆጥረው ግን የተቆረጠ ጣትና የተሰበረ እግር እንጂ የጉድጓዱን ግፊት አልነበረም። ሰው እንዳይንሸራተት የሚደረገው ጥንቃቄ ሌላ፣ ፍንዳታ እንዳይነሳ የሚደረገው ሌላ ነው፤ አንዱ ተሟላ ማለት ሌላው ተሟላ ማለት አይደለም።

ያለ አደጋ ያለፉት ቀናት በሚጻፉበት ሰሌዳ ላይ ጉርሻ ሲጨመርበት ደግሞ የሚቀንሰው ወሬው እንጂ አደጋው አይደለም። እጁን የቆረጠ ሰው ጨርቅ ጠቅልሎበት ዝም ይላል፤ የጓደኞቹን ጉርሻ ያስቀረ መባልን ማን ይፈልጋል? ቆጠራ ካስፈለገ ሠራተኞች በወሩ ውስጥ ስንት ስጋት አመለከቱ፣ ከዚያ ውስጥ ስንቱ ተስተካከለ፣ በስንት ቀን፣ ስንት ጊዜስ ሥራ እንዲቆም ተጠየቀ የሚለው ይቆጠር። በርካታ ሰው በሚሠራበት ቦታ በወር አንድም ስጋት ካልተመዘገበ ቦታው ንጹሕ ስለሆነ አይደለም፤ ሰው መናገር ስለተወ ነው።

«አደጋ የሚመጣው ከሠራተኛው ግድየለሽነት ነው»

ይህ አባባል ረጅም ዕድሜ አለው። ኸርበርት ሃይንሪክ የተባለው የኢንሹራንስ ባለሙያ በ1931 ባሳተመው መጽሐፍ ከአደጋዎች 88 በመቶው የሚመነጨው ከሰዎች ጥንቃቄ የጎደለው ድርጊት ነው አለ፤ ቁጥሩም እስከ ዛሬ በየስልጠናው ይጠቀሳል። የሚረሳው፣ የተመረኮዘው በኢንሹራንስ መዛግብትና በአለቆች በተሞሉ የአደጋ ሪፖርቶች ላይ መሆኑ ነው። ሪፖርቱን የሚሞላ አለቃ ጥፋቱን በማን ላይ እንደሚጽፍ ለመገመት ብዙ መመራመር አያሻም።

አንድ ምሳሌ ጠጋ ብለን እንመልከት። ሠራተኛው የግራይንደሩን መከላከያ ሽፋን ፈትቶ ብረት ሲቆርጥ ዲስኩ ፈነዳ። «ሽፋኑን ፈቶ ሠራ፤ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው» ተብሎ ፋይሉ ይዘጋል። ግን ለምን ፈታው? የያዘው 125 ሚሊ ሜትር ዲስክ የሚይዝ ትንሹ ግራይንደር ነው፤ የገጠመው 230 ሚሊ ሜትር ዲስክ ነው፤ ሽፋኑ ካልተፈታ ዲስኩ አይገባም። ለምን ትልቁን ገጠመ? የትንሹ ዲስክ ከስቶር አልቋል፣ ሥራው ደግሞ ዛሬ ማለቅ አለበት ተብሏል። ዲስኩስ ለምን ፈነዳ? የ230ው ዲስክ የፍጥነት ገደብ በደቂቃ 6,600 ዙር አካባቢ ነው፤ ትንሹ ግራይንደር ደግሞ ወደ 11,000 ዙር ያዞራል። የዲስኩ ጠርዝ በሰከንድ 80 ሜትር እንዲሮጥ ተሠርቶ በሰከንድ 132 ሜትር ገደማ ሮጠ ማለት ነው። ዲስኩን ወደ ውጭ የሚቦጭቀው ኃይል በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ፣ ከታሰበለት 2.7 ጊዜ የሚበልጥ ጫና ተሸከመ።

ሰውየውን ብትቀጡት በሚቀጥለው ሳምንት ሌላው ያንኑ ያደርጋል፤ ስቶሩ ባዶ ነዋ። መድኃኒቱ ያለው የ125 ዲስክ ክምችት ከተወሰነ ቁጥር በታች እንዳይወርድ በማድረግ ላይ፣ ከስቶር ዲስክ ሲወጣ የዲስኩን የዙር ገደብ ከማሽኑ ጽሑፍ ጋር በማመሳከር ላይ፣ ትልቁ ዲስክ ከትልቁ ግራይንደር ጋር ብቻ እንዲወጣ በማድረግ ላይ ነው። ግድየለሽ ሰው የለም አልተባለም። ግን «ግድየለሽ» የሚለው ቃል ምርመራው ገና ሊጀመር ሲል ካስቆመው፣ ለቀጣዩ አደጋ በሩ ክፍት ቀረ።

«ትጥቁን ከለበሰ በቂ ነው»

ሄልሜት፣ ጓንትና መነጽር የመጨረሻው አጥር ናቸው። ቅደም ተከተሉ የታወቀ ነው፦ መጀመሪያ አደጋውን ማስወገድ፣ ካልሆነ በሌላ መተካት፣ ከዚያ ሰውና አደጋውን በሽፋን ወይም በአጥር መለየት፣ ቀጥሎ የአሠራር ደንብ፣ በመጨረሻ ትጥቅ። ትጥቅ ከታች የተቀመጠው ሥራውን የሚሠራው ሁልጊዜና በትክክል ሲለበስ ብቻ ስለሆነ ነው።

ለዚህ የጆሮ መሰኪያን የሚያህል ማስረጃ የለም። ድምፅን በ30 ዴሲቤል የሚቀንስ መሰኪያ ስምንት ሰዓት በሚቆይ ጩኸት ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ብቻ ቢወልቅ፣ የቀኑ ጥበቃ በስሌት ወደ 12 ዴሲቤል ይወርዳል። ሠላሳ ደቂቃ፣ ለስልክና ለወሬ! የዴሲቤል ቁጥር እንደ ተራ ቁጥር ስለማይደመር ነው፤ በየ10 ዴሲቤሉ ጉልበቱ በአሥር ይባዛል። አገባቡም እንዲሁ ነው። በንጹሕ እጅ የስፖንጅ መሰኪያውን በጣት አሽቶ ማቅጠን፣ በሌላው እጅ በራስ ላይ ዞሮ ጆሮን ወደ ላይና ወደ ኋላ መሳብ፣ መክተት፣ እስኪነፋ ድረስ 20 እስከ 30 ሰከንድ በጣት መያዝ። ፊት ለፊት የቆመ ሰው ግማሹን መሰኪያ ወጥቶ ካየው አልገባም ማለት ነው። ካርቶን ሙሉ መሰኪያ ከማደል ይህን አንድ ጊዜ በእጅ ማሳየት ይሻላል። ከዚያ በፊት ግን የሚጮኸውን ማሽን ማን ሊያስጠግን ይችላል የሚለው ይጠየቅ።

ሄልሜትም ቢሆን ጭንቅላትን የሚያድነው በቅርፊቱና በውስጥ ማሰሪያው መካከል ባለው ክፍተት ነው። እዚያ ውስጥ ሲጋራና ጓንት የሚያስቀምጥ ሰው ክፍተቱን ደፍኖታል። አንድ ጊዜ ከባድ ምት ያረፈበት ሄልሜት ደግሞ ስንጥቅ ባይታይበትም ይጣላል።

«ልምድ ያለው ሰው አይሳሳትም»

ልምድ እጅን ያፈጥናል፤ ፍርሃትን ደግሞ ያላላል። አንድ ደንብ ተጥሶ ምንም ካልመጣ ጥሰቱ በሚቀጥለው ቀን ትንሽ ይቀላል፣ በወሩ «እኛ እንዲህ ነው የምንሠራው» ይባላል። በ1986 በፈነዳችው ቻሌንጀር የጠፈር መንኮራኩር፣ የሮኬቶቹን መጋጠሚያ የሚዘጉት የጎማ ማኅተሞች መጎዳት ከቀደሙት በረራዎች ጀምሮ ይታወቅ ነበር። መንኮራኩሮቹ በሰላም በተመለሱ ቁጥር ጉዳቱ እንደ ተለመደ ነገር እየታየ ሄደ።

ልምድ በተለይ የሚያታልለው በጉድጓድና በታንከር ሥራ ነው። «መጥፎ ጋዝ ካለ በማሽተት አውቀዋለሁ» የሚለው አንጋፋ ስለ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ልክ የሚሆነው እስከ ግማሽ መንገድ ብቻ ነው። ጋዙ በትንሹ ሲሆን እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል፤ ወደ 100 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር ክፍል 100) ሲጠጋ ግን የማሽተት ስሜትን ያደነዝዛል። ሽታው ጠፋ ማለት ጋዙ ሄደ ማለት ላይሆን ይችላል። የኦክስጅን ማነስ ደግሞ ከመነሻው ሽታ የለውም። ከመግባት በፊት በመሣሪያ ከላይ፣ ከመሃልና ከታች መለካት፣ ኦክስጅን ከ19.5 በመቶ በታች ከሆነ አለመግባት፣ ከውጭ ሌላ ሥራ የሌለው ጠባቂ ማቆም ግዴታ ነው። ጠባቂው ጓደኛው ሲወድቅ ቢያይ የመጀመሪያ ሥራው እርዳታ መጥራት እንጂ ዘሎ መግባት አይደለም። በእንዲህ ያለ ቦታ ከሚሞቱት ብዙዎቹ ለማዳን የገቡ ናቸው።

«ለአምስት ደቂቃ ሥራ መቆለፍ አያስፈልግም»

የተጣበቀ ነገር ለማላቀቅ፣ ቀበቶ ለማስተካከል፣ ትንሽ ለመጥረግ… እጅ የሚገባው በእነዚህ አጫጭር ሥራዎች ነው። አሠራሩ ይኸው ነው፦ ለሚመለከታቸው መንገር፤ ማሽኑን በተለመደው ማጥፊያ ማጥፋት፤ የኃይል ምንጩን ሁሉ መለየት (ብሬከሩን፣ የአየር ቫልቩን፣ የሃይድሮሊኩን)፤ እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱን ጓጉንቸር ማድረግና ቁልፉን ኪሱ መክተት፤ የተጠራቀመውን ኃይል ማስወጣት፤ በመጨረሻም የማስነሻውን ቁልፍ ተጭኖ ማሽኑ አለመነሳቱን ማረጋገጥና ማጥፊያውን ወደ ቦታው መመለስ።

የሚዘለሉት የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ናቸው። ብሬከር ወርዶም አየር በቱቦው ውስጥ ይቀራል፣ ካፓሲተር ቻርጅ ይዞ ይቆያል፣ ወደ ላይ የተነሳ የማሽን ክፍል በራሱ ክብደት ይወርዳል፣ የተወጠረ ሞላ ይፈናጠራል። ሳይሞከር የተጀመረ ሥራ ደግሞ የተሳሳተ ብሬከር ተቆልፎም ሊሆን ይችላል፤ የፓነል ጽሑፍና እውነታው የማይገናኙበት ቦታ ከሚታሰበው በላይ ብዙ ነው። «አትንኩ» የሚል ወረቀት ብቻ ማንጠልጠል መቆለፍ አይደለም።

ፈረቃ ሲለወጥ ርክክቡ ማሽኑ ፊት ቆሞ፣ በቃልና በጽሑፍ ይሁን። ጁላይ 6 ቀን 1988 በሰሜን ባሕር ፓይፐር አልፋ በተባለው የባሕር ላይ የነዳጅ ማምረቻ 167 ሰው የሞተው የአንድ ፓምፕ የደህንነት ቫልቭ ለጥገና ወጥቶ ሳለ የማታው ፈረቃ ስላላወቀ ነው። ለፓምፑና ለቫልቩ የተጻፉት የሥራ ፈቃዶች ሁለት የተለያዩ ወረቀቶች ነበሩ። ሁለተኛው ፓምፕ ሲቆምባቸው ያንኛውን አስነሱት፤ ቫልቩ በነበረበት ቦታ በወጉ ካልጠበቀው መዝጊያ ጋዝ አመለጠ።

«ማንም ካልተጎዳ ሪፖርት ምን ያደርጋል?»

ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህ ነው። ከመወጣጫው የወደቀው መፍቻ ባዶ መሬት ላይ ቢያርፍና ትከሻ ላይ ቢያርፍ ልዩነቱ ሰውየው የቆመበት ቦታ ብቻ ነው፤ የወደቀበት ምክንያት ግን አንድ ነው፣ ነገም ይኖራል። ሰው የማይነግረው ስንፍና ይዞት ሳይሆን ባለፈው ሲናገር የሆነውን ስለሚያስታውስ ነው። «ምን ታደርግ ነበር እዚያ?» ብሎ የጀመረ አለቃ ሁለተኛ አይነገረውም። «ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ፤ ና አሳየኝ» ቢል በሚቀጥለውም ይሰማል። ቅጹ ከግማሽ ገጽ አይብለጥ፦ ምን ሆነ፣ የት፣ ምን ሊያደርስ ይችል ነበር። በማግስቱ ለተናገረው ሰው መልስ ይሰጠው። መልሱ «አሁን መሥራት አንችልም፤ ምክንያቱም…» ቢሆንም እንኳ ይሰጠው፤ ጆሮ ዳባ ልበስ ከማለት ይህ ይሻላል።

«ጠዋት ጠዋት ስብሰባ እናደርጋለን እኮ»

ፎርማኑ ወረቀት አንብቦ ሁሉም ከፈረመ ያ ስብሰባ ሳይሆን የስም ቁጥጥር ነው። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ፣ አንድ ርዕስ፣ እሱም የዚያ ቀን ሥራ። ጥያቄውም «ገብቷችኋል?» አይሁን፤ ሁሉም «አዎ» ይላል። «ዛሬ ይህን ጣሪያ ስንሠራ ማን ሊወድቅ ይችላል? ከየት በኩል?» ይባል።

«ባልደረባን ማረም ነገር መፈለግ ነው»

በተለይ በዕድሜ የሚበልጥን ሰው ማረም ይከብዳል፤ ሥራ ቦታውም እንደማይከብድ አድርጎ ማስመሰል የለበትም። አነጋገሩን አስቀድሞ መስማማት ይረዳል፦ ሰውየውን ሳይሆን ዕቃውን መጥራት፣ እርዳታም አብሮ ማቅረብ። «ጋሼ፣ የደህንነት ቀበቶው መንጠቆ አልተሰካም፤ ልያዝልዎት?» የተባለ ሰው የሚያፍርበት ነገር የለም። ከተባለው ወገን የሚጠበቀው ደግሞ መጀመሪያ መሰካት ነው። መልስ ካለው ከወረደ በኋላ ይነጋገሩበት። ፎርማኑም ሆነ ሥራ አስኪያጁ እንዲህ ሲባሉ ሠራተኞቹ ዞር ብለው ያያሉ፤ የዚያን ቀን መልሳቸው ከሰዓት በኋላ በየማሽኑ ዙሪያ ይወራል።