ኤችዲአር፦ ካርቶኑ ላይ ያለው ምልክትና እውነታው

ኤችዲአር ማለት የምስሉን ደማቅና ጥቁር ክፍል በሰፊ ልዩነት የሚያሳይ የምስል ዓይነት ነው። አዳማ ውስጥ ቲቪ የሚገዛ ሰው ስለ እሱ ከሻጭ ቶሎ ቶሎ የሚሰማቸው ነገሮች አሉ። እውነቱ ግን ሌላ ነው።

«ኤችዲአር ከተጻፈበት ምስሉ ይደምቃል»

አይደለም! ጽሑፉ የሚለው ቲቪው ሲግናሉን ይቀበላል ነው፣ በቃ። ብዙ የኤችዲአር ፊልሞች የሚዘጋጁት እስከ 1,000 ኒት (የድምቀት መለኪያ ነው) ለሚደርስ ድምቀት ሲሆን ርካሽ ቲቪዎች ግን 300 ኒት አካባቢ ላይ ይቆማሉ፤ የጀርባ መብራታቸውም በየክፍሉ ለብቻው ስለማይደበዝዝ ጥቁሩ ግራጫ ይሆናል። ሱቅ ውስጥ አበባና ወፍ የሚያሳየውን ማስታወቂያ ተዉት። የሌሊት ትዕይንት አስከፍቱና ጥቁሩን ቀረብ ብላችሁ እዩት።

«ዶልቢ ቪዥን ከሌለው አትግዛ»

ሰው ገንዘቡን የሚያጠፋው እዚህ ላይ ነው። ተራው የኤችዲአር ዓይነት፣ ኤችዲአር 10፣ ለሙሉው ፊልም አንድ የብርሃን መመሪያ ይልካል። ዶልቢ ቪዥንና ኤችዲአር 10 ፕላስ የሚባሉት ዓይነቶች ግን መመሪያውን በየትዕይንቱ ይቀያይራሉ፣ ቲቪውም ምስሉን በአቅሙ ልክ ያስተካክላል። ጥሩ ነገር ነው። ግን ሳምሰንግ ውድ የሚባሉት ቲቪዎቹ ላይ እንኳ ዶልቢ ቪዥን የለውም፤ የሚጠቀመው በ2017 ከአማዞን ጋር ያስተዋወቀውን ኤችዲአር 10 ፕላስ ነው። ኤልጂ ደግሞ በተቃራኒው ዶልቢን ይዟል። ሁለቱንም የሚይዙ የቲሲኤልና የሃይሴንስ ሞዴሎች አሉ። እኔን ብትጠይቁኝ፣ ዶልቢ ቪዥን ኖሮት ፓነሉ (ስክሪኑ) ደካማ ከሆነ ቲቪ ይልቅ፣ ኤችዲአር 10 ብቻ ኖሮት ፓነሉ ጠንካራ የሆነው ይሻለኛል። ፕሌይስቴሽን 5 ለሚጫወት ደግሞ ጌሞቹ የሚወጡት በኤችዲአር 10 ስለሆነ ለዶልቢ ብሎ መጨመር ዋጋ የለውም።

«ዲሽም ፍላሽም በኤችዲአር ይታያል»

ለስርጭት የተሠራ ኤችኤልጂ የሚባል ዓይነት አለ፣ ቢቢሲና የጃፓኑ ኤንኤችኬ ያዘጋጁት። የእኛ የዲሽ ቻናሎች ግን በተራው ምስል ነው የሚመጡት። ፍላሽ ላይ የምታስጭኑት ፊልምም አብዛኛውን ጊዜ እንደዚያው ነው። ኔትፍሊክስ ላይ ኤችዲአር የሚገኘው በውዱ ፓኬጅ ነው፤ ዩቲዩብ ላይ በነፃ አለ፣ ዳታ ግን ይበላል።

«ኤችዲአር ሲበራ ከጨለመ ቲቪው ተበላሽቷል»

ኤችዲአር የሚዘጋጀው ደብዘዝ ባለ ክፍል እንዲታይ ነው። የአዳማ የቀትር ፀሐይ በመስኮት እየገባ ከሆነ ጨለማው ትዕይንት ይጠፋል። መጋረጃውን ዝጉ፣ ወይም የምታዩት በዶልቢ ቪዥን ከሆነ ከምስል ምርጫዎቹ ውስጥ ደማቁን (Bright የሚለውን) ምረጡ። ጌም ወይም ሌላ ዕቃ በኤችዲኤምአይ ከሰካችሁ ደግሞ የዚያን መሰኪያ ሴቲንግ እዩት፤ ብዙ ቲቪዎች ላይ ሙሉ አቅሙ እስክትከፍቱት ድረስ ዝግ ነው።